ከ«አገሬው ገበያ» እስከ «ታዳጊ ክልል»

መርካቶ ጎሕ ሲቀድ ጭነቱን ያራግፋል። የጨው ጆንያ ትከሻው ላይ ያደረገ ወጣት «ዞር በሉ!» እያለ ሕዝቡን ሰንጥቆ ያልፋል። ጆንያው ጥጉ ላይ ስለተቀደደ ከኋላው ቀጭን ነጭ መስመር ይከተለዋል። ከሱቅ ደጃፍ የተቀመጡ እናት የፈሰሰውን በእፍኝ እየሰበሰቡ ሰፌድ ላይ ይመልሱታል።

ይህ ጨው ከአፋር ምድር ከአፍዴራ ሐይቅ የመጣ ነው። ከኤርትራ ጋር እስከተደረገው የ1990 ጦርነት ድረስ የአገሪቱ ጨው በአብዛኛው ከአሰብ ይመጣ ነበር። ያ መንገድ ሲዘጋ የአዲስ አበባን ወጥ ያጣፈጠው አፍዴራ ነው። ታዲያ ይህን ጨው ከሚያወጣው ሕዝብ ጋር መንግሥት እንዴት ሲነጋገር ኖረ?

መልሱን ከመርካቶ ስም እንጀምር። ፋሺስት ጣሊያን ከተማዋን በዘር ሲከፍል ነጮቹን ከሐበሻው ለየ። ገበያውንም ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዙሮ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ ማለትም «የአገሬው ገበያ» አለው። በሮም የተቀመጠው የጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ሕዝቡን የሚያውቀው እንደ ተገዢ ብቻ ነበር። ወራሪው በ1933 ሲባረር «ኢንዲጄኖ» አብሮ ሄደ፤ መርካቶ ግን ቀረ። ሰፈሮቹንም ነጋዴው ራሱ ጎጃም በረንዳ፣ ሲዳሞ ተራ ብሎ ሰየማቸው።

ጨው በሚወጣበት በአፋር ቆላ የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የወንዙ ዳር ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ተሰጠ። አፋሩ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት ለምለም መሬት ከእጁ ወጣ። ደርግ በበኩሉ ሕዝቦቹን ለማጥናት በ1975 የብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩትን መሠረተ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ደነገገ። በ1994 የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር ሲቋቋም አፋር፣ ሶማሌ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ጋምቤላ «ታዳጊ ክልሎች» ተብለው እነሱን የመደገፍ ኃላፊነት ለእሱ ተሰጠ።

ከ2003 ወዲህ በእነዚሁ ክልሎች ሕዝቡን በመንደር የማሰባሰብ ሥራ ተጀመረ። መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ውሃ ለማዳረስ ነው አለ። የመብት ተሟጋቾች ደግሞ በጋምቤላ በግዳጅ የተነሡ ሰዎች እንዳሉ ዘገቡ። በ2008 የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር የአርብቶ አደር ልማትን በስሙ ላይ ጨመረ፤ በ2011 ሥራው ወደ ሰላም ሚኒስቴር ዞረ፤ በ2014 የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር መጣ።

በስም መቀያየር ብቻችንን አይደለንም፤ ካናዳም ለነባር ሕዝቦቿና ለሰሜን ግዛቶቿ ያቋቋመችውን መሥሪያ ቤት ስም ደጋግማ ቀይራለች፤ በመጨረሻም ለሁለት ከፍላዋለች። የመሬት ጥያቄው ግን እዚያም አልተዘጋም። ታፔላ መቀየር ቀላል ነው፤ ከባዱ ውሳኔውን ለባለመሬቱ መልቀቅ ነው።

እኔ «ታዳጊ» የሚለውን ቃል አልወደውም። ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት የጎደለው አካባቢ መኖሩ እውነት ነው፤ ጉድለቱም በአስቸኳይ መሞላት አለበት። ነገር ግን ጨው፣ ከብትና ጥጥ የሚሰጠንን ሕዝብ ሁልጊዜ ተቀባይ አድርጎ መጥራት ነውር ነው።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደየጉዳያቸው የሚሄዱት። በአዲስ አበባ ቢሮ ያላችሁ ሹማምንትም ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ከባለመሬቱ ጋር ለዳጉ ተቀመጡ። መጀመሪያ አዳምጡ፤ ከዚያ ወስኑ።