የሕፃን ሳል በምን ይለያል?

ክረምት ሲገባ፣ ብርዱም ሲበረታ፣ ሕፃናት ይስላሉ። አፍንጫቸው ይዘጋል፤ ሰውነታቸው ይግላል። እናት «ጉንፋን ነው» ትላለች። አያት «ምች ነው» ይላሉ። ጎረቤት ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነውና ይቆረጥ» ይላል። እንጥል መቁረጥ ልጅን ያደማል፣ ያቆስላል እንጂ ሳልን አያድንም። ታዲያ በሽታውን በምን እንለየው?

ሳል ራሱ በሽታ አይደለም፤ የበሽታ ምልክት ነው። በሽታውን የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። ከእነሱም ሁለት ወገኖችን ማወቅ ይገባናል። አንደኛው ባክቴሪያ ይባላል። ሁለተኛው ቫይረስ ይባላል፤ ከባክቴሪያም እጅግ ያንሳል። አብዛኛውን የልጆች ጉንፋንና ሳል የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ኢንፍሉዌንዛ አንዱ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው ኮሮናም ቫይረስ ነው። ሌላው አር ኤስ ቪ ይባላል። ስሙን የሰማ ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን 2 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በአር ኤስ ቪ ያልተያዘ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ትልቁን ልጅ እንደ ተራ ጉንፋን ይዞ ይለቀዋል። ጥቂት ወር የሆነውን ሕፃን ግን ትንፋሽ ያሳጥረዋል። በሕፃን ሳንባ ውስጥ ያሉት የአየር ቧንቧዎች እንደ ገለባ ቀጫጭን ስለሆኑ፣ ትንሽ ሲያብጡና ንፍጥ ሲሞላቸው ይደፈናሉ።

ቫይረስን ከባክቴሪያ መለየት የሚጠቅመው መድኃኒታቸው ስለማይገናኝ ነው። ስንዴ የሚዘራ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ቅጠለ ሰፊውን አረም ያደርቃል፤ ሲናርን ግን አይነካውም። ሲናር በወረረው ማሳ ላይ ቱፎርዲ መርጨት ገንዘብ መጣል ነው። እንደ አሞክሲሲሊንና ቴትራሳይክሊን ያሉት መድኃኒቶችም ባክቴሪያን ይገድላሉ እንጂ ቫይረስን አይነኩም። ያለ ቦታቸው በተወሰዱ ቁጥር ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ይለማመዷቸዋል። በኋላ ልጁን በባክቴሪያ የመጣ የሳንባ ምች ሲይዘው ያው መድኃኒት ላይሠራለት ይችላል። ከጎረቤት የተረፈ እንክብል ከፍተው ዱቄቱን ለልጅ የሚያጠጡ ወላጆች አሉ። ይህ መቅረት አለበት። ቴትራሳይክሊን እኮ ገና የሚያድገውን ጥርስ ያበልዛል!

አሁን ቫይረሱን ፈጥኖ የሚያሳይ መመርመሪያ አለ። ለወባ ጣት ተወግቶ ደም የሚንጠባጠብበትን ትንሽ ፕላስቲክ ብዙዎቻችን አይተናል። ይኸኛውም የእሱ ዘመድ ነው። ደም ሳይሆን ንፍጥ ነው የሚፈልገው። ባለሙያዋ ጫፉ ጥጥ የመሰለ ቀጭን እንጨት በልጁ አፍንጫ አስገብታ ታዞረዋለች። ልጁ ያለቅሳል፣ ያስነጥሰዋል፤ ግን አይጎዳውም። እንዳይወራጭ አቅፎ ራሱን ደገፍ አድርጎ መያዝ የወላጅ ሥራ ነው። ከዚያም ጫፉ በተዘጋጀ ፈሳሽ ይታጠብና ጥቂት ጠብታ በመመርመሪያው ላይ ይደረጋል። ጋዝ በኩራዝ ክር ሽቅብ እንደሚወጣ ሁሉ፣ በውስጡ ያለው ወረቀት ፈሳሹን እየሳበ ይወስደዋል። በወረቀቱ ላይ ያንን ቫይረስ ብቻ የሚይዝ ነገር በመስመር ተቀብቷል። ቫይረሱ ካለ እዚያ ይያዝና ቀለም ያለው መስመር ይወጣል። ሌላው መስመር መመርመሪያው በትክክል መሥራቱን የሚያሳይ ነው። እሱ ካልወጣ መመርመሪያው ተበላሽቷልና በሌላ ይደገማል። ውጤቱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይታወቃል። ቡና ተቆልቶ አቦሉ እስኪደርስ ማለት ነው።

ነገር ግን «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። መመርመሪያው የሚያየው የተሠራለትን ቫይረስ ብቻ ነው። ንፍጡ በደንብ ካልተወሰደ ወይም ሕመሙ ብዙ ቀን ከቆየ ሊያልፈው ይችላል። በቀድሞው ዓይነት የኢንፍሉዌንዛ ፈጣን መመርመሪያ፣ በሽታው ካለባቸው 10 ሰዎች 3ቱ፣ አንዳንዴም 5ቱ «የለባችሁም» ተብለው ይመለሳሉ። ቫይረስ ተገኘ ማለትም ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መመርመሪያው የበሽታውን ስም ይነግረናል እንጂ ልጁ ምን ያህል እንደተጎዳ አይነግረንም።

በጤና ኬላ የወባውን እንጂ ይህንን መመርመሪያ ብዙ ጊዜ አናገኝም። «መመርመሪያ የለም» ብሎ ግን ልጅ ታቅፎ ቤት መቀመጥ አይገባም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትንፋሽ ትቆጥራለች። ይህን ቆጠራ አንናቀው። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ ልብሱ ገለጥ ይደረጋል፤ የሆዱ ከፍ ዝቅ ማለት ለሙሉ 1 ደቂቃ ይቆጠራል። 2 ወር ያልሞላው ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። የሳንባ ምች የሚጠረጠረውና መድኃኒት የሚታዘዘው በዚህ ነው። 2 ወር ያልሞላው ግን በፍጥነት ከተነፈሰ ሳይውል ሳያድር ከፍ ወዳለ ሕክምና ይሄዳል።

ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የጎድኑ ታች ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ፣ ሌሊትም ቢሆን ይወሰዳል። ያኔ የአፍንጫ ምርመራ አይጠበቅም።

ትንፋሹ ደህና ሆኖ ጉንፋን ብቻ ከሆነ መርፌ ይወጋልን ብለን ባለሙያዋን አናስቸግር። ጡት ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። አፍንጫው ከተዘጋ ከመጥባቱ በፊት በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጠረግለት። ጭስ ካለበት ጎጆ ይራቅ። ማር ለሳል ጥሩ ነው፤ 1 ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን አይሰጥም። ሳሉ 14 ቀን ካለፈው የሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ይታይ።