ሟቹ ካረፈ በኋላ የሚገባ ኪራይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ገዝቶ ቤዝመንቱን በወር 1,400 ዶላር የሚያከራይ አንድ ሐበሻ ማርች 10 ቀን 2025 አረፈ እንበል። አስከሬኑ ወደ አዲስ አበባ ተሸኘ፤ ለቅሶ ደራሹም ወደየሥራው ተመለሰ። ኤፕሪል 1 ላይ ተከራዩ እንደ ወትሮው ኪራዩን አስገባ። ይህ 1,400 ዶላር የማን ገቢ ነው? ሟች ገቢ የለውም፤ ወራሾቹም ገና አልተረከቡም።

የአሜሪካ የግብር ሕግ ለዚህ ያዘጋጀው መልስ «ኢስቴት» ይባላል። ሰውየው ሲያርፍ የሚወለድ፣ ሀብቱ ተጣርቶ እስኪከፋፈል ድረስ ብቻ የሚኖር ግብር ከፋይ ነው። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ እስካረፈበት ቀን ያገኘው ደመወዝና ኪራይ በለመድነው ፎርም 1040፣ በራሱ ሶሻል ቁጥር ለመጨረሻ ጊዜ ይሞላል። ከዚያ ወዲህ የገባው የኢስቴቱ ነው፤ ፎርሙም 1041 ነው።

ፎርሙን የሚሞላው ሰው ሜሪላንድ ውስጥ «ፐርሰናል ሪፕረዘንታቲቭ» ይባላል፤ የአገራችን ሕግ ውርስ አጣሪ ከሚለው ጋር ይቀራረባል። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከልጆቹ እንግሊዝኛ በሚቀናው ላይ ይወድቃል። ሮክቪል ካለው የኑዛዜ መዝገብ ቤት የሹመት ወረቀቱን ያወጣል፣ ከአይአርኤስ ለኢስቴቱ የግብር ከፋይ ቁጥር ይወስዳል፣ በቁጥሩም የባንክ ሂሳብ ይከፍታል። ቁጥሩ በነጻ ነው። እናውጣልህ ብለው የሚያስከፍሉ ድረ ገጾች ስላሉ መጠንቀቅ ነው።

ለቅሶ ቤት የሚወራው «ውርሱን ግማሹን መንግሥት ይወስደዋል» የሚለው ነው። ያ ሌላ ግብር፣ ሌላ ፎርም ነው፤ ቁጥሩ 706። በ2025 ያረፈ ሰው የፌዴራሉ የውርስ ግብር የሚነካው ሀብቱ ከ13.99 ሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ ነው። 1041 ቤቱን አይነካም፤ የሚጠይቀው ቤቱና ገንዘቡ የወለዱትን ነው፦ ኪራይ፣ የባንክ ወለድ፣ የአክሲዮን ትርፍ ድርሻ፣ ከሞት በኋላ የተከፈለ የመጨረሻ ደመወዝ። መነሻው ግን ዝቅተኛ ነው፤ የዓመቱ ጥቅል ገቢ 600 ዶላር ከሆነ ይሞላል። ቤዝመንቱ በአንድ ወር ኪራይ አልፎታል።

ለእኛ ሰው ይበልጥ የሚመጣበት ሁለተኛው መነሻ ነው። ከወራሾቹ አንዱ የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ካልሆነ፣ ገቢው 5 ዶላር ቢሆን እንኳ ፎርሙ ይሞላል። ከወራሾቹ አንዷ ጉለሌ ያሉ እናት ከሆኑ በቃ፣ ይሞላል። ከኪራዩ የእሳቸው ድርሻ ሲላክ ደግሞ ላኪው አብዛኛውን ጊዜ 30 በመቶ ቀንሶ ለአይአርኤስ ማስገባት አለበት። በሁለቱ አገሮች መካከል ይህን የሚያቃልል የገቢ ግብር ውል የለም። በዌስተርን ዩኒየን ሙሉውን ልኮ የጨረሰ ልጅ 30ውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

ፎርሙ ላይ ትልቁ ቁም ነገር መስመር 18 ነው። ለወራሾች የተከፋፈለው ገቢ እዚያ ይቀነሳል፤ እያንዳንዱ ወራሽም ድርሻው የተጻፈበት ኬ-1 የተባለ ወረቀት ይደርሰውና በራሱ 1040 ላይ ያስገባዋል። ገቢው ሁለት ጊዜ አይቀረጥም። ሳይከፋፈል ኢስቴቱ ውስጥ ከቀረ ግን ወዮለት፦ በ2025 ግብር የሚከፈልበት ገቢ 15,650 ዶላር ሲያልፍ 37 በመቶ ይመታል። አንድ ላጤ ወደዚያ እርከን የሚገባው ከ626,350 ዶላር በላይ ሲያገኝ ነው። ሀብታሞች ገቢያቸውን ባለአደራ በሚይዘው ሀብት፣ በ«ትረስት» ውስጥ እንዳይደብቁ የተሠራ ወጥመድ ነው፤ የታክሲ ሾፌርንም ውርስ አይለይም።

ወጪስ? የጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ ክፍያ፣ የአጣሪው አበል ይቀነሳል። የሬሳ ሣጥኑና የአውሮፕላኑ ወጪ ግን 1041 ላይ ቦታ የለውም። ይህን ስነግራቸው የማይናደዱ ሰዎች አላየሁም፤ እኔም ፍትሐዊነቱ አይታየኝም።

ኢስቴት የበጀት ዓመቱን መምረጥ መቻሉ ደግሞ መልካም ነገር ነው። ዓመቱ በሰኔ 30 ሲዘጋ ላደግን ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። የእኛው ኢስቴት እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2026 ሊሄድ ይችላል፤ የማስገቢያው ቀን ጁን 15 ይሆናል። ፎርም 7004 ቢሞላ አምስት ወር ተኩል ይጨመርለታል፤ የሚጨመረው ግን ፎርሙን የማስገቢያ ጊዜ እንጂ ግብሩን የመክፈያ ጊዜ አይደለም። ሟቹ ሀብቱን በትረስት ትቶ ከሆነ ባለአደራው የሚሞላው ይህንኑ 1041 ነው፤ ዓመቱን የመምረጥ መብት ግን በአብዛኛው የለውም።

ዘመድ «ድርሻችንን ቶሎ» ማለቱ አይቀርም። አጣሪው ግብሩን ሳይከፍል ካዝናውን ካራገፈ ዕዳው በራሱ ላይ ሊመጣ ስለሚችል፣ ጥቂት ገንዘብ ይዞ መቆየቱ ንፉግነት አይደለም። ሁሉም ሲጠናቀቅ የመጨረሻው 1041 ላይ «የመጨረሻ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ይደረጋል፣ ኬ-1ዎቹ ይላካሉ፣ የባንክ ሂሳቡ ይዘጋል። ተከራዩም ኪራዩን ከእንግዲህ ለማን እንደሚከፍል ይነገረዋል።