በደረቅ መሬት ላይ የሚቀዝፉ ሰዎች

ከቢሮ ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚያመራ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ቀኑን ምን ሲሠራ እንደ ዋለ ቢጠየቅ ብዙ ነገር ሊዘረዝር ይችላል። ሰውነቱ ቢጠየቅ ግን መልሱ አንድ ነው፤ ይኸውም «ተቀምጬ ዋልሁ» የሚል ነው። ተማሪውም ቢሆን ከዚህ የተለየ መልስ የለውም። እንግዲህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወራ ያሰብነው ተቀምጠው ስለሚሠሩት ስፖርት መሆኑን ስንገልጽ «መቀመጥስ መች አነሰን?» የሚለን አይጠፋም።

በከተማችን በሚገኙ ስፖርት ቤቶች ጥግ ይዞ የሚታይ አንድ ረዘም ያለ መኪና አለ። ከፊቱ በወንፊት የተሸፈነ መንኰራኵር፣ ከመንኰራኵሩ የሚወጣ ሰንሰለት፣ በሰንሰለቱ ጫፍ እጀታ፣ ከኋላም በሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት መቀመጫ አለው። በመሮጫው መኪና ዘንድ ሰዎች ተራ ሲጠብቁ፣ ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ የፎጣ ማስቀመጫ ሆኖ ይውላል። ይህ የቀዘፋ መኪና ነው። በጣና ላይ ታንኳ ሲነዳ ያየ ሰው ሁለቱን እንዳያመሳስል እንለምናለን፤ የጣናው ባለ ታንኳ ፊቱን ወደሚሄድበት አቅጣጫ አዙሮ ሲነዳ፣ የእሽቅድምድም ጀልባ ቀዛፊ ግን ጀርባውን ወደ መድረሻው ሰጥቶ የሚጓዝ ነው። መኪናውም የተሠራው ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ሰው ነው።

በየብስ ላይ ቀዘፋ መለማመድ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የአቴና የጦር አለቃ የነበረው ካብሪያስ፣ ልምድ የሌላቸውን ቀዛፊዎች ወደ መርከብ ከማግባቱ በፊት በባሕር ጠረፍ በእንጨት ላይ አስቀምጦ እንዳለማመዳቸው ተጽፎ ይገኛል። የዛሬው መኪና ታሪክ ግን የሚጀምረው በአሜሪካ ነው (ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ዲክ ድራይሲጋከር በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ለአገሩ የቀዘፈ ሰው ነበረ። በ1976 ከወንድሙ ከፒት ጋር ሆኖ የእሽቅድምድም መቅዘፊያ የሚሠራ ኮንሴፕት ቱ የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። ወንድማማቾቹ በሚኖሩበት በቬርሞንት ግዛት የብርዱ ወራት እጅግ ጽኑ ነው፤ ወንዙና ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሲጋገር ቀዛፊ ሥራ ይፈታል። እነሱም አንድ አሮጌ ብስክሌት ከወለሉ ጋር በምስማር ቸንክረው፣ የሰንሰለቱን ጫፍ እየሳቡ መንኰራኵሩን ማሽከርከር ጀመሩ። ከዚህ የልጆች ጨዋታ ከሚመስል ሙከራ የተወለደው መኪና በ1981 ለገበያ ወጣ፤ መንኰራኵሩም የብስክሌት ጎማ ነበረ።

ፉክክሩም ከመኪናው ጋር አብሮ ተወለደ ማለት ይቻላል። በ1980 አሜሪካ የሶቪየት ኅብረት ጦር አፍጋኒስታን መግባቱን በመቃወም ወደ ሞስኮ ኦሊምፒክ አልሄድም ባለች ጊዜ፣ ለዓመታት ሲለማመዱ የኖሩት ቀዛፊዎች ሜዳ ላይ ቀሩ። በቦስተን አጠገብ በቻርልስ ወንዝ ከሚቀዝፉት መካከል አንዳንዶቹ በራሳቸው እየቀለዱ «የቻርልስ ወንዝ ጊዜ ያለፈባቸው ከዋክብት» የሚል ስም ለማኅበራቸው አወጡ፤ በብርዱም ወራት በመኪናው ላይ ይወዳደሩ ጀመር። ለአሸናፊው የሚሰጠው ሽልማት ዋንጫ ሳይሆን መዶሻ ነበር! ቀልዱ እያደገ ሄዶ ከልዩ ልዩ አገር ሰው የሚመጣበት ውድድር ሆነ፤ ዕድሜያቸው ከ90 ዓመት ያለፈ አዛውንቶች ሳይቀሩ ተቀምጠው ቀዝፈውበታል። በ2018 ደግሞ ዓለም አቀፉ የቀዘፋ ፌዴሬሽን የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮናውን በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ ከተማ ጀመረ። በ2021 ወረርሽኙ ሰውን ከሰው በለየ ጊዜ እንኳ ሻምፒዮናው አልተቋረጠም፤ ተወዳዳሪው ሁሉ በያለበት መኪናው ላይ ተቀምጦ በኢንተርኔት ተገናኝቷል። ዋናው ርቀት 2,000 ሜትር ሲሆን፣ የአውስትራሊያው ጆሽ ደንክሊ ስሚዝ በ2018 በ5 ደቂቃ ከ35.8 ሴኮንድ፣ አሜሪካዊቷ ብሩክ ሙኒ በ2021 በ6 ደቂቃ ከ21.1 ሴኮንድ ፈጽመውታል።

ለእኛ ግን ከጀግኖቹ ሰዓት ይልቅ የሚያስደስተን ሌላ ነገር ነው። ይህም የወዳጅነት የቡድን ግጥሚያ የሚባለው ነው። ኩባንያው ራሱ በየዓመቱ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኦክቶበር 15፣ እንዲሁም በጃንዋሪ ወር ቡድኖችን ያጋጥማል። ተማሪ ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ ቤተ ዘመድ ወይም የሰፈር ጓደኛ ሁሉ ቡድን ሊያቋቁም ይችላል። እያንዳንዱ አባል የቀዘፈው ሜትር ይመዘገብና በቡድኑ ድምር ላይ ይጨመራል። ከዚህ ሌላ ቡድኖች በመካከላቸው ተስማምተው የሚያደርጉት ወርኃዊ ግጥሚያም አለ፤ በየወሩ አንዱ ቡድን በተራው ፈተናውን ያወጣል፣ ሌሎቹ ይሠሩታል። በኳስ ጨዋታ ደካማ ተጫዋች ኳስ ሲያበላሽ ጓደኞቹ ፊታቸውን ያዞሩበታል። እዚህ ግን የቀርፋፋው ሰው አንድ ሜትር ከፈጣኑ አንድ ሜትር እኩል ነው። ልዩነቱ የጊዜ ብቻ ነው፤ ቀርፋፋው ረዘም ላለ ጊዜ ይቀመጣል።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር እኛም በዚሁ ነገር ተጠመድን። ከመሥሪያ ቤታችን አጠገብ ያለው ስፖርት ቤት ሁለት የቀዘፋ መኪና አለው። የሒሳብ ክፍል አራት ወጣቶች «በሠላሳ ቀን ማን ብዙ ይቀዝፋል?» ብለው ሲፎክሩብን፣ እኛም አራት ሆነን ተነሣን፤ የተሸነፈው ወገን ምሳ ሊጋብዝ ተወራረድን። ከእኛ ወገን ሁለቱ ወጣቶች ሲሆኑ፣ አንደኛዋ በዩኒቨርሲቲ ሳለች ይህን መኪና ያወቀችው የሕግ ክፍል ሠራተኛ ናት። አራተኛ ሰው ጠፍቶን ስንፈልግ፣ ጡረታቸው ሁለት ዓመት የቀረው የመዝገብ ቤቱ ሹም «እኔ አልሆንም?» አሉ። ሣቅን። እሳቸው ግን አልሣቁም። ጽሕፈታቸው የሚያምር ስለ ሆነ፣ የሁለቱም ወገን ሜትር የሚጻፍበትን ደብተር እንዲይዙ በሁሉም ስምምነት ተመረጡ።

በመጀመሪያው ቀን ያደረግነውን ለወጣት አንባቢዎቻችን ትምህርት ይሆን ዘንድ ሳንደብቅ እንናገራለን። ከመንኰራኵሩ ጎን ከ1 እስከ 10 ቍጥር የተጻፈበት ማንሻ አለ። እኛም ጀግንነት በቍጥር የሚለካ መስሎን 10 ላይ አደረግነው። ማንሻው ግን ወደ መንኰራኵሩ የሚገባውን አየር ብቻ የሚያበዛና የሚያሳንስ ነው፤ ኩባንያው የሚመክረው ከ3 እስከ 5 ያለውን ነው። ከዚያም 500 ሜትር በ1 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ በሚያስጨርስ ፍጥነት ጀመርን። ገና 700 ሜትር ሳንደርስ ዓይናችን ጨለመ፣ እጀታውም ከእጃችን ወደቀ።

ምክንያቱ በኋላ ነው የገባን። መኪናው በእያንዳንዱ ስበት መካከል መንኰራኵሩ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ይለካና፣ የተሠራውን ሥራ በዚያ ያሰላል። 500 ሜትር በ2 ደቂቃ ተኩል ለመሄድ 104 ዋት ያህል ጕልበት ይበቃል። ያንኑ ርቀት በ2 ደቂቃ ለመሄድ ግን 203 ዋት ያህል ያስፈልጋል። ፍጥነቱ በአንድ አራተኛ ብቻ ሲጨምር ጕልበቱ ወደ እጥፍ ይደርሳል ማለት ነው፤ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ የሚሻ ደግሞ ጕልበቱን ስምንት እጥፍ ማድረግ አለበት። ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት አየሯ ሳሳ ያለ ነው። መኪናው ይህን በልኬቱ ስለሚያገባ፣ የቦስተን ሰውና የአዲስ አበባ ሰው የቀዘፉት ሜትር ሊነጻጸር ይችላል። ለሳንባ ግን የሚያስብለት የለም፤ ባለ ደጋው ትንፋሹን ከራሱ ኪስ ይከፍላል።

የሕግ ክፍሏ ወጣት አዘነችልንና አስተማረችን። ሲስቡ በመጀመሪያ እግር ይገፋል፣ ቀጥሎ ወገብ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፣ በመጨረሻ እጅ ይስባል። ሲመለሱ ደግሞ በግልባጩ እጅ ይቀድማል፣ ወገብ ይከተላል፣ ጕልበት መጨረሻ ይታጠፋል። የሥራው ትልቁ ድርሻ የእግር ነው፤ ብዙ ሰው ግን የእጅ ሥራ ይመስለዋል። ስበቱ ፈጠን፣ ምላሹ ዘግየት ይላል። ለረጅም ልምምድ በደቂቃ ከ18 እስከ 22 ስበት ይበቃል፤ እየቀዘፉ ከጎን ካለ ሰው ጋር ጥቂት ቃል መለዋወጥ የማይቻል ከሆነ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው።

የመዝገብ ቤቱ ሹም ይህን አንድ ጊዜ ሰምተው ያዙት። በየማታው በ11 ሰዓት ተኩል ይመጣሉ፤ ኮታቸውን አጥፈው ያስቀምጣሉ፤ 500 ሜትሩን በ2 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ እየሄዱ 5,000 ሜትር ይቀዝፋሉ። 28 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይፈጅባቸዋል። ከዚያ ፊታቸውን ጠርገው ደብተሩን ይጽፋሉ። እኛ ግን የሒሳብ ክፍሉን ልጆች በፍጥነት ለማስደንገጥ ስንል ትምህርቱን ረሳነው። በሁለተኛው ሳምንት ወገባችንን አጕብጠን በእጃችን ስንጐትት አንድ ነገር ቀጨም አደረገን። 1,000 ሜትር ብቻ ቀዝፈን ተነሣን። በዚያ ማታ ጋሼ ስለ ዘገዩ ሜትራችንን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን ማኖር ነበረብን። ያየን ሰው አልነበረም። 5,000 ብለን ጻፍን።

ይህን ስናደርግ ምን አሰብን? ቡድኑን እንጂ ራሳችንን እንዳልጠቀምን፣ ወገባችን ሲድን በሌላ ቀን ቀዝፈን እንደምናካክሰው አሰብን። ሰበብ እንደ ሆነ ሞልቶ የተረፈ ነው። በማግሥቱ ወደ መዝገብ ቤት ስንገባ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አየነው። ጋሼ ከቁራጩ ወረቀት ገልብጠው፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው 5,000 ብለው አስፍረውታል። ከሳቸው 5,000 በታች ነበር፤ ሁለቱም ቍጥር አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ቁመት ነበረው። ምንም አልጠየቁንም። ቢጠይቁን ኖሮ ምናልባት እንደ ጻፍነው እንከራከር ነበር።

«ጋሼ፣ የትናንቱ ቍጥር ስሕተት አለበት፤ 1,000 ነው» አልናቸው፤ ላጲስም ፈልገን እጃችንን ዘረጋን።

«ልጄ፣ መዝገብ አይፋቅም፤ ይሰረዛል እንጂ» አሉና 5,000ውን በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዘው 1,000 ጻፉ። ከዚያ ብዕሩን ሰጡን። «ፈርምበት።»

ፈረምን። ስለ ነገሩ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ለዐሥር ቀን ያህል ወገባችንን ይዘን ተመልካች ሆንን። ይህ በወዳጅነት ግጥሚያ ውስጥ የተሸሸገው አደጋ ነው፤ ጓደኛ ይጠብቀኛል ማለት ሰነፉን ከወንበሩ የሚያነሣውን ያህል፣ ችኩሉን ከዐቅሙ በላይ ይነዳዋል። ስለዚህ አዲስ ቡድን የሚያቋቁሙ ሁሉ በመጀመሪያው ወር የሚቈጠረው ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ሰዓት ባይያዝ ይሻላል ባዮች ነን። የፍጥነት ፈተና በኋላ ይደርሳል።

በሠላሳኛው ቀን ደብተሩ ተደመረ። ጋሼ ሦስት እሑድ ብቻ አርፈው በ27 ቀን 135,000 ሜትር ቀዝፈዋል። የሕግ ክፍሏ ወጣት 92,000፣ ሌላው ጓደኛችን 88,000፣ እኛ ደግሞ 61,000 ብቻ። ድምሩ 376,000 ሆነ። የሒሳብ ክፍሎቹ 379,400 ነበራቸው። የተሸነፍነው በ3,400 ሜትር ነው። የተሰረዘው ስንት እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል፤ እኛም ድምሩ ሲነበብ በልባችን ያሰላነው ይህንኑ ነበር። ጋሼን ቀና ብለን ብናያቸው የደብተሩን ጥግ እያስተካከሉ ነበር።

ምሳውን በማግሥቱ ጋበዝን። የሒሳብ ክፍል ልጆች ጥብሱ ላይ አልራሩልንም፤ ሦስተኛ ሳሕን ሲያዝዙ ሒሳቡን በራሳቸው ወረቀት ደምረው አሳዩን። ጋሼ ጥቂት በልተው እጃቸውን ታጠቡና ደብተሩን ከቦርሳቸው አወጡ። በአዲስ ገጽ ላይ የኅዳርን ሠላሳ ቀን በማስመሪያ አስምረው፣ የስምንታችንንም ስም በየረድፉ ጽፈው ጨርሰው ነበር።