ቀዩም ይቀዝቅዝ

በጭሮና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች በሃይማኖቱ ምክንያት ወይን የማይቀምሰው ብዙ ነው። የሚቀምሰውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ጣፋጩን ይመርጣል። እኔ ጠበቃ የምቆመው ለተናቁት ነው፤ ለፈረንሳይ ቀለል ያሉ ነጭና ቀይ ወይኖች። አልኮላቸው መጠነኛ፣ ስኳራቸው ጥቂት፣ ጎምዘዝ ብለው ምራቅ የሚያመጡ ናቸው።

ከነጮቹ ሁለቱን ማወቅ ለጊዜው ይበቃል። ሙስካዴ ከናንት ከተማ ዙሪያ ይመጣል፤ ሻብሊ በኖራ ድንጋያማ አፈር ላይ ከበቀለ ሻርዶኔ ይሠራል። ከቀዮቹ የምወደው ቦዦሌን ነው። ፍሬው ጋሜ ይባላል። የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1395 ጋሜ ከግዛቱ እንዲነቀል አዝዞ ነበር፤ ከሊዮን በስተሰሜን ባሉት የቦዦሌ ኮረብቶች ግን ዛሬም እሱ ነው ጌታው። ቦዦሌ ሲሠራ ዘለላው ሳይጨመቅ እንዳለ በዝግ ጋን ይከተታል፤ መብላላቱም ከየፍሬው ውስጥ ይጀምራል። በዚህ የተነሳ ከልጣጩ የሚወጣው ታኒን አነስተኛ ነው። ታኒን ምን እንደሆነ ለጭሮ ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ ጫት ሲቃም ድድን የሚያደርቀው ዓይነት ስሜት ነው። እየቃሙ ወይን ማጣጣምም በዚሁ ምክንያት ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልግባ። “ነጭ ይቀዘቅዛል፣ ቀይ በክፍል ሙቀት ይጠጣል” ይባላል። የማን ክፍል? ደንቡ የወጣው ማሞቂያ ባልገባባቸው፣ ግድግዳቸው ወፍራም በሆነ የድሮ አውሮፓ ቤቶች ነው፤ 16 ወይም 18 ዲግሪ ቢሆን ነው። ጭሮ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ምሽቷ ለዚህ ደንብ ይቀርባል። ወደ ሞቃታማው ሚኤሶ ቁልቁል ሲወርዱ ግን ያው ደንብ ወይኑን ይገድለዋል። ቦዦሌን የመሰለ ቀላል ቀይ ደግሞ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ነው የሚያምርበት። ሲሞቅ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ ይመታል፣ የፍሬው ሽታ ይሸፈናል፣ ጉሮሮም ያቃጥላል።

ሂርና አንድ ትልቅ ዘመዴ ቤት በእንግድነት ሄጄ ብርጭቆዬን እስከ አፉ ሞሉልኝና ኮካ ሊጨምሩበት አነሱ። “ጋሼ፣ መጀመሪያ ለብቻው ልቅመሰው” ብላቸው፣ “ኮካ የሌለው ወይን ያቃጥላል እኮ!” አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ጠርሙሱ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ነበርና ያቃጥላል። ብዙ ሰው ኮካ የሚጨምረው ወይኑ መጥፎ ሆኖበት ሳይሆን ሙቀቱን ሳያውቅ እያከመ ነው እላለሁ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቀዩን ከመቅዳታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ነጩን ደግሞ ሩብ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አውጡት፤ በጣም ከቀዘቀዘ ሽታው ይዘጋል። መብራት ከጠፋ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አቁሙት፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል።

ከአዲስ አበባ ጠርሙስ ይዛችሁ የምትመጡም ልብ በሉ። መተሐራንና አዋሽን በቀትር አቋርጦ የመጣ የመኪና ዕቃ መጫኛ የወይን ማከማቻ አይደለም። ሙቀቱ ወይኑን ያበስለዋል፤ አንዴ ከበሰለ በኋላ ፍሪጅ አይመልሰውም። ከመቀመጫ ሥር፣ በልብስ ተጠቅልሎ፣ በማለዳ ይጓዝ።

ቀላል ቀይ ወይን ከምግብም ይስማማል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ላይ አልኮሉና ታኒኑ የበረታ ቀይ ሲጠጡ ቃጠሎው ይብሳል፤ ቀዝቀዝ ያለ ቦዦሌ ግን ያስታግሰዋል።

አቀማመሱ ረጅም ሥርዓት የለውም። የብርጭቆውን ሲሶ ብቻ ቅዱ፣ አዙሩት፣ አሽትቱት፣ ከዚያ ጎንጨት አድርጉ። ማወዳደር ለሚወድ ጥሩ ጥንድ አለ፤ የቦርዶው የወይን ኩባንያ ካስቴል ዝዋይ አጠገብ ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊ የተባለውን ወይን ለገበያ አቅርቧል። የእሱን ሻርዶኔ ከሻብሊ ጎን ቅዱ፤ የአንድ ዘር ፍሬ በሁለት አገር ፀሐይ ምን ያህል እንደሚለያይ ምላሳችሁ ይነግራችኋል። ኮካውን ለልጆቹ ስጧቸው።