ያውቁ ኖሯል? የተደበቀ ሳጥንና ያልተላከ ሳጥን

በዳላስና በፎርት ወርዝ ከሚኖረው ወገናችን ጥቂት የማይባለው በዲቪ የመጣ ነው። የዲቪ ማመልከቻ ከፖስታ ወጥቶ በኢንተርኔት ብቻ መሞላት የጀመረው በኖቬምበር 2003 መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

ፎርሙን የሞላ ያስታውሰዋል። መጀመሪያ ስለ ራስ፣ ከዚያ የጋብቻ ሁኔታና የልጆች ብዛት ይጠየቃል። የባለቤትና የልጆች ስም የሚጻፍባቸው ሳጥኖች የሚመጡት ይህ ከተመለሰ በኋላ ነው። በስህተት «ያላገባ» የሚለውን የነካ ሰው ሚስቱን የሚጽፍበት ቦታ ያጣል፤ መመዝገብ የነበረበትን ባለቤት ወይም ልጅ መተው ደግሞ ቪዛ ያስከለክላል። አንዲት ያልታየች ሳጥን ቤተሰብ ታለያያለች!

ሳጥን ከዓይን የሚሰወረው በሁለት መንገድ መሆኑንስ? አንደኛው በብራውዘር ነው፦ ሳጥኑ ስልክዎ ድረስ መጥቷል፣ አንድ መስመር ኮድ ግን እንዳይታይ አድርጎታል። ሁለተኛው ገጹን በሚልከው ኮምፒውተር፣ በሰርቨር፣ ነው፦ ገጹ ሲላክ ሳጥኑ ከነጭራሹ አልተጻፈበትም። የመጀመሪያው ዕቃን ከመጋረጃ ጀርባ መክተት ነው፤ ሁለተኛው ዕቃውን ቤት አለማምጣት።

መጋረጃውን ማንም ይገልጠዋል። በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ገጹን ከፍተው «ኮንትሮል» እና «ዩ» የሚሉትን ቁልፎች አብረው ይጫኑ፤ ሰርቨሩ የላከው የገጹ ኮድ፣ የተደበቀውም ያልተደበቀውም፣ ተዘርግቶ ይነበባል።

ድብቅ ሳጥን በ1995 በወጣው የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ፣ የኤችቲኤምኤል 2.0፣ ደንብ ውስጥ ተጽፏል። በኋላ አንዳንድ የመሸጫ ገጾች ዋጋን እዚያ አኖሩ፤ ገዢው 100 ዶላሩን 1 ብሎ ሲልከው ሰርቨሩ አምኖ ተቀበለ። ዋጋን ሰርቨሩ ራሱ ከመዝገቡ ማየት አለበት።

በ2021 በሚዙሪ ግዛት ከ100,000 በላይ የመምህራንና የትምህርት ሠራተኞች ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለአደጋ ተጋልጦ ተገኘ። ቁጥሮቹ በገጹ ኮድ ውስጥ ነበሩ። ያገኘው ጋዜጠኛ ገጹ እስኪዘጋ ዘገባውን አቆየ፤ የግዛቱ አስተዳዳሪ ሊያስከስሱት ቢዝቱም ክስ አልተመሠረተበትም። ጋዜጠኛው ደግ አደረገ እላለሁ።

እዚሁ ቴክሳስ ደግሞ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ በኮድ ስህተት ምክንያት የተከለለ ክፍሉ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ቆየ። ከማርች 2019 እስከ ጃንዋሪ 2022! በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶባቸው ካሳ የጠየቁ ወደ 1.8 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተጋልጦ ነበር።

በፕላኖም በሪቻርድሰንም ኮድ የምትጽፉ፣ ቴስቲንግ የምትሠሩ ልጆቻችን፦ ገጹን ከማስረከባችሁ በፊት ሁለቱን ቁልፎች ተጫኑ። የሰው ምስጢር እዚያ ካያችሁ፣ ሰርቨሩ እንዳይልከው አድርጉ።