የካውቦይ ፊልሙ ብቸኛ ፈረሰኛ

በአሜሪካ የካውቦይ ፊልሞች ውስጥ ጀግናው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይመጣል፤ ብቻውንም ይሄዳል። ንብረቱ ፈረሱ፣ ኮርቻውና ሽጉጡ ነው። ቃሉ ቁጥብ ነው፤ ስላለፈ ሕይወቱ ቢጠየቅም አይመልስም። ጠብ ፍለጋ አይዞርም፤ ደካማ ሲገፋ እያየ ማለፍ ግን አይሆንለትም።

የፊልሞቹ ዘመን በአመዛኙ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የመሬት ሕግ አምስት ዓመት ኖሮበት ላለማው ሰፋሪ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ፣ ይሰጥ ነበር። ሰፋሪው ማሳውን ሲያጥር ከብቱን በሰፊው ሜዳ ያሰማራ የነበረው ባለሀብት ግጦሹ ተቆረጠበት። ሜዳው ከሁለቱም በፊት የነባር ሕዝቦች ነበር፤ ብዙዎቹ ፊልሞች ይህን ረስተው ባለአገሩን በጠላትነት ማሳየታቸው ትልቁ ጉድለታቸው ነው። ጥቁርና ሜክሲኳዊ ካውቦዮችም በእውነቱ ዓለም ብዙ ሆነው ሳለ በፊልሞቹ ውስጥ እምብዛም አይታዩም።

በ1939 የዳይሬክተር ጆን ፎርድ ፊልም «ስቴጅኮች» ጆን ዌይንን ታላቅ ተዋናይ አደረገው። ፈረስ የሌለው ወጣት ኮርቻውን በአንድ እጁ ይዞ ከመንገድ ዳር ቆሞ ሲታይ፣ ካሜራው ወደ ፊቱ ይገሰግሳል። በ1952 በወጣው «ሃይ ኑን» ደግሞ ጀግናው ይፈራል። ጋሪ ኩፐር የሚጫወተው ማርሻል (ሕግ አስከባሪ) ገዳዮቹ በእኩለ ቀን እንደሚመጡበት አውቆ ቤተ ክርስቲያንና መጠጥ ቤት ሳይቀር እየዞረ ረዳት ይለምናል። የሚከተለው ያጣል። ኑዛዜውን ጽፎ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ባዶው መንገድ ላይ ይወጣል። እየፈራ መውጣቱ ከማንኛውም ተኩስ በላይ ልብ ይነካል።

ከሁሉም ግን የብቸኛውን ፈረሰኛ ዕጣ አጥርቶ ያሳየው የ1953ቱ «ሼን» ነው። ሼን ከተራራ ወርዶ በዋዮሚንግ ሸለቆ ከአንድ የገበሬ ቤተሰብ ዘንድ ያርፋል። ሽጉጡን አስቀምጦ ከአባወራው ጋር የዛፍ ጉቶ ሲነቅል ይውላል፤ ለትንሹ ልጅ ለስላሳ ሊገዛ ገብቶ ሲሰደብም ዝም ይላል። የሸለቆው የከብት ባለሀብት ቅጥረኛ ገዳይ አምጥቶ አንዱን ሰፋሪ ጭቃ ላይ ሲያስጥለው ግን ሽጉጡን ዳግም ይታጠቃል። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ስቲቨንስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዳካው ማጎሪያን በፊልም የቀረጸ ሰው ነበር፤ ምናልባት ከዚያ የተነሳ፣ በዚህ ፊልም ጥይት ያስፈራል፣ የተመታውም ሰው በኃይል ወደ ኋላ ተወርውሮ ይወድቃል። ሼን ገዳዮቹን ጥሎ፣ ራሱም ቆስሎ፣ ልጁ ከኋላው እየጠራው ይሄዳል። ሸለቆውን ከሽጉጥ ያላቀቀው በሽጉጥ ስለሆነ፣ ባመጣው ሰላም ውስጥ ለእሱ ቦታ የለም።

በ1956ቱ «ዘ ሰርቸርስ» ጆን ዌይን በጥላቻ የተመረዘ ሰው ሆኖ የተጠለፈች የወንድሙን ልጅ ለዓመታት ይፈልጋል። ወደ ቤት ሲያደርሳት ሌሎቹ ይገባሉ፤ እሱ ደጅ ይቀራል፣ በሩም ይዘጋል።

ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1964 ስፔን ውስጥ በሠራው ፊልም ክሊንት ኢስትዉድ ለሁለት ተፋላሚ ወገኖች በገንዘብ የሚያድር ፈረሰኛ ሆነ። ይህም ሰው ግን አንዲትን እናት ከባሏና ከልጇ ጋር ለማስመለጥ ሲል ነፍሱን ለአደጋ ይሰጣል።