በውቅያኖስ መካከል ያለ ሰው እንዴት ይጣራል?

ውድ አንባቢ፤ በደጋ አገር ያደጉ ከሆነ ከአንድ ጉብታ ወደ ማዶው ጉብታ መጣራትን ያውቁታል። ሸለቆ ውስጥ የቆመ ሰው ቢጮኽ ድምፁ እዚያው ይቀራል፤ ጉብታው ላይ ሲወጣ ግን ማዶ ያለው ሰው «አቤት!» ይለዋል። እስቲ አሁን ራስዎን ርዝመቷ ከአሥር ሜትር በማይበልጥ ባለሸራ ጀልባ ላይ ያስቀምጡ። የብስ የሳምንታት መንገድ ርቋል፤ ዙሪያውን ቢመለከቱ ውሃና ሰማይ ብቻ ነው፤ የሚወጡበት ጉብታም የለም። ቢታመሙ ወይም ጀልባዋ ብትቀደድ ወደ ማን ይጣራሉ?

ይህ ጥያቄ የቀልድ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጁን 1968 ሮቢን ኖክስ ጆንስተን የተባለው እንግሊዛዊ መርከበኛ የትም ሳይቆም ብቻውን በሸራ ዓለምን ለመዞር ተነሣ። በመንገድ ላይ ራዲዮው ተበላሸበት። በኖቬምበር በኒውዚላንድ ጠረፍ ከታየ በኋላ እስከ ኤፕሪል 1969 ድረስ ከአራት ወር በላይ ወሬው ጠፋ፤ ይሙት ይዳን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከ312 ቀን ጉዞ በኋላ ግን በሕይወት ተመልሶ ይህን ጉዞ በመፈጸም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የዚያው ውድድር ተካፋይ የነበረው ፈረንሳዊው በርናር ሟቴስዬ ደግሞ ውድድሩን መተዉን ለዓለም ያስታወቀው በኬፕታውን አጠገብ ባገኛት መርከብ ላይ መልእክቱን በወንጭፍ ወርውሮ ነው። በዚያን ጊዜ ከባሕር መካከል ደብዳቤ የሚላከው እንዲህ ነበር።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን ሐሳብ ግን አስቀድሞ በ1945 ተጽፎ ነበር። ጸሐፊው አርተር ክላርክ ሲሆን፤ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚዞር ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚሄድ ከታች ለሚያየው ሰው አንድ ቦታ እንደ ቆመ ይሆናል፤ ስለዚህ በሰማይ እንደ ተተከለ ጉብታ ሆኖ ድምፅን ያስተላልፋል ብሎ አስረዳ። በ1979 ኢንማርሳት የተባለው ድርጅት ይህን አገልግሎት ለመርከቦች ለመስጠት ተቋቋመ። ነገር ግን ጉብታው እጅግ ሩቅ ነው፤ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመለስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ለፈጣን ኢንተርኔት የሚያስፈልገው አንቴናም ትልቅና ውድ ስለ ነበረ ለታላላቅ መርከቦች እንጂ ለትንሽ ጀልባ የሚመች አልነበረም።

ነገሩን የለወጠው ጉብታውን ወደ ምድር ማቅረብ ነው። ስታርሊንክ የተባለው የአሜሪካ አገልግሎት ከ2019 ጀምሮ በ550 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ሳተላይቶችን አሰማራ። እያንዳንዱ ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይዞራል፤ ከጀልባዋ በላይ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይተካል። በጀልባዋ ላይ የሚቀመጠው አንቴና ትሪ የመሰለ ጠፍጣፋ ነገር ነው። በውስጡ ያሉት ብዙ ትንንሽ አንቴናዎች ተባብረው የሞገዱን አቅጣጫ በኤሌክትሪክ ስለሚለውጡት፤ ጀልባዋ ብትወዛወዝም ሳተላይቱን አይለቁትም። የምድር ጣቢያው ሩቅ በሆነ ጊዜ ሳተላይቶቹ ራሳቸው መልእክቱን በሌዘር ብርሃን ይቀባበሉታል፤ ልክ ከጉብታ ወደ ጉብታ እንደሚጣሩ እረኞች ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በጀልባ ላይ ኤሌክትሪክ እንደ መጠጥ ውሃ በቁጠባ ነው። እንደ ዓይነቱ ቢለያይም አንቴናው 50 ዋት ይፈጃል እንበል። ሌት ተቀን ቢበራ በ24 ሰዓት 1,200 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ባለ 12 ቮልት፥ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ የያዘውን ጉልበት በሙሉ መጨረስ ነው። የሚተካው ከፀሐይ ወይም ከሞተሩ ነው፤ ሰማዩ ከደመነ፥ ነዳጁም ካነሰ የሌሊቱ መብራት ሳይቀር ይጠፋል። ስለዚህ ባትሪው ትንሽ የሆነ አስተዋይ መርከበኛ አንቴናውን በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ያበራል። የአየሩን ትንበያ ይቀበላል፤ የታመመ ካለ ሐኪም ይጠይቃል፤ ለቤተ ሰቡ ደኅንነቱን ይጽፋል፤ ከዚያም ያጠፋዋል።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በየማታው መልእክት የለመደች እናት ልጇ ሁለት ቀን ዝም ቢላት ሰጠመ ብላ ታለቅሳለች፤ የተበላሸው ግን ጨው የበላው ሽቦ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከመነሣት በፊት «ዝም ብል ይህን ያህል ቀን ጠብቁኝ» ብሎ መነጋገር ይገባል። እንዲሁም መርከበኛው ነፍሱን ለኢንተርኔቱ ብቻ አደራ አይሰጥም፤ የራሱ ባትሪ ያለው ትንሽ የአደጋ ምልክት ማስተላለፊያ ለብቻው ይይዛል። ምልክቱን ኮስፓስ ሳርሳት የተባለው ዓለም አቀፍ የሳተላይት ማኅበር ተቀብሎ ለነፍስ አድን ሠራተኞች ያደርሰዋል።

የዚህ ሁሉ ጥቅም በማርች 2023 ታየ። ከጋላፓጎስ ደሴቶች ወደ ፈረንሳይ ፖሊኔዢያ ይጓዙ የነበሩ አራት ሰዎች ጀልባቸው ከዓሣ ነባሪ ጋር ተጋጭታ በሩብ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ሰጠመች። አየር በተሞላ የነፍስ ማዳኛ ጀልባ ላይ ሆነው የአደጋ ምልክቱን አበሩ፤ በሳተላይትም አጭር መልእክት ላኩ። ወሬው በዚያ አካባቢ ወደሚጓዙት ጀልባዎች በኢንተርኔት ደረሰ። አሥር ሰዓት ያህል በውቅያኖሱ ላይ ከቆዩ በኋላ፤ በሌሊት፤ እንደ እነርሱ በሸራ የምትጓዝ ጀልባ መጥታ አራቱንም አነሣቻቸው።

ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት፤ በኖቬምበር 2022፤ እንደ 1968ቱ ባለ የድሮ መሣሪያ ብቻ በሚደረገው ዓለምን የመዞር ውድድር ላይ አንድ የፊንላንድ ተወዳዳሪ ጀልባው በሕንድ ውቅያኖስ በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመችበት። በዚህ ውድድር ኢንተርኔት ክልክል ነው። የአደጋ ምልክቱ ግን በሳተላይት ተሰማ፤ የውድድሩ አዘጋጆችም ደቡብ አፍሪካዊቱን ተወዳዳሪ ኪርስተን ኖይሼፈርን በሳተላይት ጠሯት። እርሷም ውድድሩን ወደ ጎን ትታ፤ ሌሊቱን መሪዋን በእጇ ይዛ አደረች፤ ደርሳም ሰውየውን አዳነችው። ከዚያም ጉዞዋን ቀጥላ በኤፕሪል 2023 ውድድሩን አሸነፈች።

አንባቢ ሆይ፤ ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ይመልከቱ። አንደኛው ኢንተርኔት የነበረበት፥ ሁለተኛው የተከለከለበት ነው። በሁለቱም ጥሪውን ያደረሰው ሳተላይት ነው፤ በሁለቱም ጥሪውን ሰምቶ ጀልባውን ያዞረው ግን በትንሽ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ነው። ሰማዩ ጉብታ ሊሆነን ይችላል፤ «አቤት» የሚል ሰው ማዶ ከሌለ ግን ጉብታው ብቻውን ማንንም አያድንም።